ዝቅ ያለች መኪና ጎማ ለምን በውስጥ በኩል ያልቃል?

መኪና ዝቅ ማድረግ የፈለገ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ሞላው ላይ ነው። የየትኛው አገር ሥሪት ይሻላል? ስንት ሴንቲ ሜትር ያወርዳል? ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ስንት ጣት ይገባል? ሞላው ይገጠማል። መኪናዋ ታምራለች። ፎቶ ይነሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጎሚስታ ጋ ጎማው ሲፈታ ግን ጉዱ ይወጣል። ከውጭ ሲያዩት ጥርሱ ሙሉ የሆነው ጎማ፣ በውስጥ በኩል ሽቦው ብቅ ብሏል።

ያኔ ሁሉም ጣቱን ካምበር፣ ማለትም የጎማው ወደ ጎን ማጋደል ላይ ይቀስራል። «ዝቅ ስላለች ጎማው አጋድሏል፤ ያጋደለ ጎማ ደግሞ በውስጥ በኩል ይበላል» ይባላል። እውነትነት አለው። ዋናው ጎማ በላተኛ ግን ካምበር ሳይሆን ቶ፣ ማለትም የጎማው አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። ካምበርን ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆማችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ቶን ማሽን ካልነገራችሁ አታዩትም። ብዙ ሰው የሚታየውን ሲያሳድድ፣ የማይታየው ጎማውን ይጨርስበታል። ይህ ነገር በደንብ ቢታወቅ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል፤ ከገንዘብም በላይ በዝናብ መንገድ ላይ ሕይወት ያተርፋል።

ካምበርና ቶ

የጎማዎችን አቀማመጥ ለክቶ ማስተካከል አላይመንት ይባላል። እዚያ ላይ የሚለካው ብዙ ነው። ለእኛ ጉዳይ ሦስቱ ይበቃሉ።

ካምበር ማለት ከፊት ሲታይ ጎማው ወደ ጎን ማጋደሉ ነው። የጎማው አናት ወደ ሞተሩ ካጋደለ ኔጋቲቭ ይባላል፤ ወደ ውጭ ካጋደለ ፖዘቲቭ። ካስተር ማለት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር፣ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ መዘንበሉ ነው። ከታጠፋችሁ በኋላ መሪው በራሱ የሚመለሰው በአብዛኛው በእሱ ምክንያት ነው። ሞላ መቀየር ካስተርን ብዙም ስለማይነካው እዚህ ላይ እንለፈው።

ቶ ማለት ደግሞ ጎማው ከላይ ሲታይ አፍንጫው ወዴት እንደዞረ ነው። ወደ ውስጥ ከሆነ ቶ ኢን፣ ወደ ውጭ ከሆነ ቶ አውት። እግሩን ወደ ውጭ እያዞረ የሚራመድ ሰው ጫማው ባንድ በኩል እንደሚያልቀው ማለት ነው። ሰውየው ወደፊት ይሄዳል፤ ሶሉ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ጎን ይፋቃል።

ይህን በቁጥር እንየው፤ ያኔ ነው የነገሩ ክብደት የሚገባው። አንድ ጎማ 0.2 ዲግሪ ብቻ ዞሯል እንበል። በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ይህ ማለት የቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ልዩነት ከ1 ሚሊ ሜትር ተኩል በታች ነው። በዓይን አይታይም። በሜትር ለካሁ የሚልም አይደርስበትም። ያ ጎማ 1 ኪሎ ሜትር በሄደ ቁጥር ግን 3 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። በ10,000 ኪሎ ሜትር 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ ጎማ ገዝታችሁ ከአዲስ አበባ እስከ ዱከም ድረስ በጎኑ አስፋልት ላይ እየጎተታችሁ ወሰዳችሁት እንደማለት ነው።

ካምበር እንዲህ አያደርግም። ያጋደለ ጎማ ክብደቱን ወደ አንድ ጠርዝ ያመጣል እንጂ ወደፊት መንከባለሉን አይተውም። የብዙ መኪኖች የኋላ ጎማ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ 1 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ኔጋቲቭ ካምበር አለው፤ ጎማቸውም ዕድሜውን ጠብቆ ያልቃል። ችግሩ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ካምበሩ ክብደቱን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ያመጣል፤ ቶ አውቱ ያንኑ ጠርዝ ይፍቀዋል። ሽቦ የሚያወጣው ይህ ጥምረት ነው።

ሞላ ሲያጥር አንግሉ ለምን ይቀየራል?

አገራችን ውስጥ መንገዱን የሞሉት ኮሮላና ቪትዝ ፊታቸው ላይ ያለው አሠራር ማክፈርሰን ይባላል። ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው አሠራሩን ያዳበረው። ሾክ አብዞርበሩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው ከላይ በቦዲው ይያዛሉ፤ ከታች በሁለት ቡሎን ጎማውን ከተሸከመው ብረት ጋር ይታሰራሉ። የጎማውን ታች ደግሞ ከመኪናዋ ሥር ተነስቶ ወደ ጎማው የሚዘረጋው ብረት፣ የታችኛው አርም፣ ይይዘዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቦታ አይፈጅም፤ ርካሽ ነው። ለዚህም ነው ዓለም ሁሉ የወሰደው።

አሁን አጭር ሞላ አስገቡበት። ቦዲው ይወርዳል፤ ጎማው መሬት ላይ ስለሆነ ባለበት ይቀራል። ቀድሞ ወደ ታች ያዘቀዘቀው አርም ወደ አግድም ይጠጋል። ወደ አግድም ሲጠጋ ጫፉ ወደ ውጭ ይገፋል። የጎማው ታች ወደ ውጭ ወጣ ማለት አናቱ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኔጋቲቭ ካምበር የሚጨምረው በዚህ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር የሚያወርድ ሞላ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የሚጨምረው ካምበር ብዙውን ጊዜ ግማሽ ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚያስደነግጥ አይደለም።

መኪናዋ ከልክ በላይ ዝቅ ስትል ግን ነገሩ ይገለበጣል። አርሙ አግድምን አልፎ ወደ ላይ ያቀናል። ከዚያ በኋላ ጎማው በተጨመቀ ቁጥር ካምበሩ ወደ ፖዘቲቭ ይመለሳል። ስታጥፉ መኪናዋ ጎንበስ ትላለች፤ ብዙ ክብደት የያዘው የውጭ ጎማ በውጨኛው ጠርዙ ይቆማል። ለመንዳት እንዲመች ብሎ ዝቅ ያደረገ ሰው መኪናው ኩርባ ላይ ከድሮው ብሶ ያገኘዋል። እኔ በግሌ ለማክፈርሰን መኪና ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ መውረድን አልመክርም። የእኛን መንገድ ለሚያውቅ ሰው 3 ራሱ ብዙ ነው።

ቶ የሚቀየረው ደግሞ በቲራንቲው ነው። ቲራንቲው ከመሪ ሳጥኑ ተነስቶ ጎማውን ከኋላ ወይም ከፊት ይይዛል። ከአርሙ ጋር ርዝመቱም መነሻውም አንድ አይደለም። ቦዲው ሲወርድ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ፤ እኩል ግን አይደለም። የልዩነቱ ያህል ጎማው ይዞራል። ወደ ውስጥ ይዞራል ወይስ ወደ ውጭ የሚለው ከመኪና መኪና ይለያል። እርግጠኛው ነገር ይቀየራል የሚለው ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ቶው ንቅንቅ ያላለበት መኪና ብታገኙ አጋጣሚ ነው።

ሌላም አለ። ሞላ ለመቀየር ሾኩ መፈታት አለበት። እነዚያ ሁለት ቡሎኖች ቀዳዳቸው ላይ ትንሽ ክፍተት አላቸው። ተፈትተው ሲታሰሩ ድሮ በነበሩበት አይመለሱም። ስለዚህ የቀድሞውን ሞላ መልሳችሁ ብትገጥሙ እንኳ አላይመንት ያስፈልጋል። «ምንም አልነካሁትም፣ ሞላ ብቻ ነው የቀየርኩት» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱት።

ማሽን ላይ ከመውጣቷ በፊት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ።

አርሙ ከመኪናዋ ጋር የሚታሰርበት ቡሽ መካከሉ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ከውስጡም ከውጭውም ብረት ጋር ተጣብቋል። አርሙ ከፍና ዝቅ ሲል ቡሹ አይሽከረከርም፤ ላስቲኩ ነው የሚጠመዘዘው። መካኒኩ አርሙን ከፈታ በኋላ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ ጎማዎቿ ተንጠልጥለው እያለ ቡሎኑን አጥብቆ ካሰረው፣ ላስቲኩ «መደበኛ ቦታዬ ይሄ ነው» ብሎ ይይዛል። መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ፣ ቆማም ስትሄድም። ሦስት ጉዳት አለው። ቡሹ ቶሎ ይቀደዳል። የተጠመዘዘው ላስቲክ መኪናዋን ወደ ላይ ስለሚገፋት ከፍታዋ የውሸት ይሆናል። በዚያ የውሸት ከፍታ ላይ የተሠራ አላይመንት ደግሞ ላስቲኩ ሲላላ ይዛባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቡሎኖቹ መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይታሰሩ። ከዚያ ክብደቷ ሙሉ በሙሉ ጎማዎቿ ላይ ሲያርፍ ይጠበቁ። የማይመች ሥራ ነው፤ ከሥር መግባት ይጠይቃል፤ ጊዜ ይወስዳል። ግን እዚያው ቆማችሁ «ወንድሜ፣ የአርሙን ቡሎን መሬት ላይ ካረፈች በኋላ አጥብቅልኝ» በሉት። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በዚህ ቅር አይለውም።

ቀጥሎ ከፍታውን ለኩ። ከመሬት አይደለም፤ የጎማ ንፋስ ያሳስታል። ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩ፤ ግራና ቀኙን። ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ችግር የለውም። ልዩነቱ 1 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ሞላው መቀመጫው ላይ በትክክል አልገባም፣ ወይም ግራና ቀኙ ተቀያይሯል፣ ወይም ቦዲው ድሮ ተመትቷል። ይህ ሳይፈታ አላይመንት መሥራት ገንዘብ መጣል ነው።

የቲራንቲ ጫፍ፣ ቦል ጆይንት፣ የጎማ ኩሽኔታ ሁሉም ይነቅነቁ። ልል ነገር ካለ ማሽኑ ዛሬ የሚሰጠው ቁጥር ነገ አይገኝም። የጎማ ንፋስም በአራቱም ይስተካከል።

መቼ ይሠራ የሚለው ላይ ሰው ይከራከራል። አዲስ ሞላ ከተገጠመ በኋላ ትንሽ ይቀመጣል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አንዳንዱ «1,000 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ቶው በጣም ከተዛባ በዚያ 1,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጎማው ይጎዳል፤ መሪውም አይታመንም። ሞላው በተገጠመ ዕለት ወይም በማግስቱ ቢያንስ የፊት ቶ ይስተካከል። ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ሙሉው አላይመንት ይሠራ። ሁለቴ መክፈል ይከብዳል፤ ሁለት ጎማ ከመግዛት ግን ይሻላል።

ሞላ ማስቆረጥን በተመለከተ ቁርጡን ልናገር፤ አታድርጉት። በግራይንደር የተቆረጠ ሞላ ጫፉ መቀመጫው ላይ በትክክል አይቀመጥም። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማሳጠር ደግሞ የባሰ ነው፤ ብረቱ የሞላነቱን ጥንካሬ ያጣል። በዚህ መሠረት ላይ የሚሠራ አላይመንት የለም።

ወረቀቱን ማንበብ

የኮምፒዩተር አላይመንት ያለበት ቤት ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር በወረቀት ያወጣል። ጠይቁ። ካልሰጡ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ወረቀቱ ላይ አንዳንዱ ማሽን በዲግሪና በደቂቃ ይጽፋል፤ አንዳንዱ በነጥብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1 ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 0°30' ማለት ግማሽ ዲግሪ ነው እንጂ 0.30 አይደለም። ቅድም ያሰላነው 0.2 ዲግሪ በደቂቃ ሲጻፍ 0°12' ይሆናል።

ቀይና አረንጓዴው ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ የሚያወዳድረው ከፋብሪካው ከፍታ ጋር ነው። መኪናችሁ ዝቅ ማለቷን አያውቅም። ስለዚህ ካምበሩ ቀይ ቢሆን አትደናገጡ። የምትመለከቱት ሁለት ነገር ነው። ግራና ቀኙ ይቀራረባል? ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ ካለፈ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ልትስብ ትችላለች። ሁለተኛው፣ ቁጥሩ ስንት ነው? ለዕለት መንዳት እስከ 1 ዲግሪ ተኩል ኔጋቲቭ ድረስ ቶው ልክ ከሆነ ጎማ በሰላም ያልቃል።

ቶው ግን አረንጓዴ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ድርድር የለም። አረንጓዴው ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ እንዲሆን ጠይቁ። «ዝቅ ስላለች አይመጣም» ቢሏችሁ አትቀበሉ። የፊት ቶ በቲራንቲው ላይ ባለው ጥርስ ይስተካከላል፤ ዳዶው ይላላል፣ ቲራንቲው ይዞራል፣ ዳዶው ይታሰራል። ዳዶው ዝጎ እምቢ ካለ ቲራንቲው ይቀየር እንጂ አይታለፍ። መሪው ቀጥ ብሎ ታስሮ ሁለቱም ቲራንቲዎች መነካት አለባቸው። ባንድ በኩል ብቻ ከተዞረ ቶው ልክ ሆኖ መሪው ጠማማ ይቀራል።

ካምበሩ ከልክ ካለፈስ? በማክፈርሰን ላይ ከሁለቱ የሾክ ቡሎኖች አንዱን ቀጠን ባለ ወይም ከመሐሉ ዞር ባለ ቡሎን መቀየር ይቻላል፤ የካምበር ቡሎን ይባላል። እንደ መኪናው 1 ዲግሪ አካባቢ ይመልሳል። የቡሎኑን ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት ግን ሥራ አይደለም፤ ጎማችሁን የያዘውን ብረት ማድከም ነው። ካምበር ሲነካ ቶም አብሮ ስለሚነቃነቅ ሁልጊዜ ካምበር ይቀድማል፣ ቶ ይከተላል። ተገላቢጦሽ የተሠራ አላይመንት አልተሠራም።

የኋላውንም አስለኩ። የኋላ ጎማዎች ወደ አንድ ወገን ካመለከቱ መኪናዋ ቂጧን ወደ ጎን አድርጋ ትሄዳለች፤ ቀጥ ብላ እንድትሄድ መሪውን ጠምማችሁ መያዝ ይኖርባችኋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ኋላ መጀመሪያ፣ ፊት መጨረሻ ነው። ቪትዝና ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ብዙው ኮሮላ የኋላው ወጥ ብረት ስለሆነ ዝቅ ብትሉም አንግሉ እምብዛም አይቀየርም፤ የሚዞር ቡሎንም የለውም። የድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስም ኋላዋ ወጥ አክስል ነው። እንደ ቢኤምደብሊው ኢ46 ያሉ ኋላቸው በብዙ አርም የተያዘ መኪኖች ግን ሲወርዱ የኋላ ካምበራቸው በደንብ ይጨምራል። የኋላ ጎማን ከውስጥ በመጨረስ የሚታወቁትም እነዚህ ናቸው። ደግነቱ እነሱ ላይ የኋላው ቶና ካምበር ይስተካከላል።

ከፍ ያደረጋችሁም አላችሁ

በእኛ መንገድ መኪናውን ዝቅ ካደረገው ይልቅ ከፍ ያደረገው ሰው ይበዛል። ስፔሰር፣ ማለትም ከሞላው ጋር የሚገባ ማንሻ፣ አስገብቶ ቪትዙን ከፍ ያደረገ ሰው ይህን ሁሉ «አይመለከተኝም» ብሎ እንዳያልፈው። ነገሩ ያው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። አርሙ ይበልጥ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፣ ካምበሩ ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል፣ ቶውም ይቀየራል። ቡሹም እንዲሁ በመሬት ላይ ይጠበቃል። ስፔሰር ገብቶ አላይመንት ያልተሠራላት መኪና ዝቅ ብላ ካልተሠራላት መኪና አትሻልም።

ጀርመን የምትኖሩ ደግሞ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ስትገጥሙ በተፈቀደለት መርማሪ ማስመርመር አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ እንደሆነ አትርሱ። ከሞላው ጋር የሚመጣውን የምስክር ወረቀት ጠብቁት።

አዳዲስ መኪኖች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሲስተም መሪው ስንት ዲግሪ እንደዞረ የሚነግረው ሴንሰር አለው። ከአላይመንት በኋላ ብዙዎቹ ዜሮው እንደገና እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ከበራ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። የፊት መብራቱንም አስተካክሉ፤ መኪናዋ ፊትና ኋላዋ እኩል ካልወረደ መብራቱ ወይ መሬት ይመታል ወይ የሚመጣውን ሰው ያሳውራል።

ከአላይመንት ቤት ስትወጡ ቀጥ ባለ መንገድ ሞክሯት። መንገድ ለውሃ ሲባል ወደ ዳር ትንሽ ስለሚያዘቀዝቅ መኪና ወደ ቀኝ መጠነኛ መሳቧ የተለመደ ነው። በዚሁ መንገድ መሐለኛውን መስመር ይዛችሁ ድገሙት። እዚያም የምትስብ ከሆነ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው መዳፍ ብቻ ነው። 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ መሪውን አዙራችሁ የፊት ጎማው ገጽ ይገለጥ። መዳፋችሁን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አሻሹ፤ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ለስላሳ ከሆነ ቶው ልክ ነው። ባንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ የሚሻክር ከሆነ ጎማው ወደ ጎን እየተፋቀ ነው። ሽቦ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ተመለሱ።